ውሃው የት ገባ?

አዲስ አበባ፣ ልደታ ላይ የተጣደ ውሃ ለመፍላት 100 ዲግሪ አይጠብቅም። ሰፈሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ 92 ዲግሪ ላይ ይንተከተካል። ሻይ ለሚያፈላ ሰው ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ለአሮጌ አይሱዙ ግን ብዙ ነው። የናፍጣ ሞተር ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነውና፣ ውሃው ያለ ግፊት ቢቀመጥ ሞተሩ ሳይታመም ይፈላ ነበር።

ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ከተጻፈ በውጭው አየር ላይ 0.9 ባር ግፊት ይጨምራል፤ ያኔ ልደታ ላይ ውሃው 114 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ አይፈላም። ፍሳሽ ሲኖር ቀድሞ የሚያመልጠው ይህ ግፊት ስለሆነ፣ ራዲያተሩ ገና ብዙም ሳይጎድል መኪናው ሊፈላ ይችላል። ጭነት ይዞ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣ ሾፌር ነገሩን የሚረዳው ዳገቱ መሃል ነው።

የተሰነጠቀ የራዲያተር ጎማ ወይም የላላ ፋሼታ ራሱን ያጋልጣል። መካኒክ የሚያደክሙት የተደበቁት ናቸው። ሞኖብሎክ ሲሠራ በውስጡ የነበረው አሸዋ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በስስ የብረት ታፖ ይደፈናሉ፤ በብዙ ሞተሮች አንዳንዶቹ ከቮላኖው ጀርባ ናቸው። ውሃ የሚዞርበት የዘይት ማቀዝቀዣም ከሞኖብሎኩ ጎን ተለጥፎ በቱቦና በማኒፎልድ ይከለላል፤ ከዚያ የሚወጣው ጠብታ ትኩስ ብረት ላይ ተኖ ስለሚጠፋ መሬት አይደርስም። እርጥብ ካሚቻ (ውሃው በቀጥታ የሚነካው የሲሊንደር ቱቦ) ባላቸው ሞተሮች ደግሞ የታችኛው ጎሚኒ ሲያረጅ ውሃው በቀጥታ ወደ ዘይት ቋት ይገባል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ነጭ ጭስ ይታያል፤ ራዲያተሩም ውስጥ አረፋ ይንቦቀቦቃል።

ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ መነሻው ላይሆን ይችላል፤ የማራገቢያው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ ቡሎን ከመፍታቱ በፊት ሞተሩን ያቀዘቅዝና የራዲያተሩ አፍ ላይ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ይገጥማል። ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ነፍቶ ይጠብቃል። ጌጁ ከወረደ በባትሪና በትንሽ መስተዋት ጥጋጥጉን ያያል፤ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት መንገዱን ይመራዋል። ውጭው ደረቅ ሆኖ ጌጁ ከወረደ ፍሳሹ ውስጥ ነው። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ የዘይት ቋቱ ታፖ በጥቂቱ ሲላላ፣ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ ይወጣል።

ጥገናው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ መድረሱ ነው። የኋላውን ታፖ ለመቀየር ካምቢዮና ቮላኖ ይወርዳሉ። አንዴ ከተደከመ እዚያ ያሉትን ታፖዎች በሙሉ መቀየር፣ ቢገኝ ነሐስ መርጦ መግጠም፣ ፍሪሲዮኑንና የኋላውን ዘይት መያዣ ጎማም ማየት ያዋጣል። የዘይት ማቀዝቀዣው ክዳን ሲገጠም አሮጌው ጓርኒሲዮን ተፍቆ ይጸዳል፤ ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በየተራ ይጠብቃሉ። ሲሊኮን ከበዛ ትርፉ ተቆርጦ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፤ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር የማሸጊያ ዱቄትም እንዲሁ።

ልደታ ለሙያው ባዕድ አይደለም። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረተው ተግባረ ዕድ ሜክሲኮ አጠገብ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራም ሩቅ አይደለም። ከዚያ የተገዛ የዘይት ማቀዝቀዣ ግን ከመገጠሙ በፊት ውሃ ውስጥ ተነክሮ በአየር መፈተሽ አለበት።

የፍሳሹ ሥር ግን ብዙ ጊዜ የቧንቧ ውሃ ነው። «አዲስ አበባ በረዶ አይሠራ፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚል ባለንብረት አለ። ኩላንት ግን ዝገትንም ይከላከላል፤ ካሚቻው ሲንቀጠቀጥ የሚፈጠሩት አረፋዎች ብረቱን እንዳይበሱም ይጠብቃል። ተራ ውሃ ታፖውን ከውስጥ ይበላል፤ ያዘለው ማዕድንም ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ካምቢዮ አስወርዶ ታፖ ካስቀየረ በኋላ ያንኑ ውሃ የሚሞላ ባለንብረት ለሚቀጥለው ፍሳሽ ከወዲሁ ቀጠሮ ይዟል።