ከተቆረጠው የአባት ሱሪ እስከ ደንብ ልብስ፡ የልጆች አለባበስና የራስ ምርጫ

መስከረም ሲቃረብ በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ ከወላጆች ሐሳብ አንዱ የልጅ ልብስ ነው። ለትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ይሰፋል። ለዘመን መለወጫ አዲስ ልብስ ከጎረቤት መርካቶ ይገዛል፤ አቅም ያነሰው ደግሞ ከልባሽ ጨርቅ መሸጫ ይመርጣል። በዚህ መካከል ልጁ «ይህን አልለብስም» ብሎ ሌላ ልብስ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ቁጣ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ብሂልም ክርክሩን ይዘጋዋል።

ይሁን እንጂ ልብስ ለልጅ ገላን ከመሸፈንና ከብርድ ከመከላከል ያለፈ ትርጉም አለው። ልጅ ስለ ማንነቱ በቃላት መናገር ከመቻሉ በፊት በሚለብሰው ይናገራል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆን አንድ ታሪክ ከኮልፌ ጋር የተያያዘ ነው።

የደቡብ አፍሪካው የነፃነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1962) ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ማሠልጠኛ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። እኚህ ሰው ገና በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው በተለየ ልብስ አደባባይ የወጡ ነበሩ። የትውልድ ስማቸው ሮሊህላህላ ሲሆን፣ ቀጥተኛ ፍቺው «የዛፍ ቅርንጫፍ የሚጎትት» ማለት ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ግን «ረባሽ» የሚል ትርጉም ይሰጠዋል።

ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ግለ ታሪካቸው እንደገለጹት፣ በኩኑ መንደር ይኖሩ የነበሩ ወንዶች ልጆች የሚለብሱት በአንድ ትከሻ ላይ ተጥሎ ወገብ ላይ የሚያያዝ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ሕፃኑ ሮሊህላህላ በሰባት ዓመቱ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል፣ ራሳቸው ያልተማሩት አባቱ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ በሥርዓት መልበስ አለበት በማለት የራሳቸውን ሱሪ ከጉልበቱ ላይ ቆርጠው ሰጡት። ርዝመቱ ልክ ሆነ፤ ወገቡ ግን እጅግ ሰፊ ስለነበር በገመድ ታሰረ። ማንዴላ መልካቸው የሚያስቅ እንደነበር አልካዱም። ነገር ግን በሕይወታቸው ሙሉ እንደዚያ ሱሪ ያኮራቸው ልብስ እንዳልነበረ ጽፈዋል። በዚያው የመጀመሪያ የትምህርት ቀን መምህርታቸው «ኔልሰን» የሚል ስም ሰጧቸው።

ልጁ ያላፈረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሱሪውን የሰጡት አባቱ በአክብሮት እንጂ በማላገጥ አልነበረም። ልጅ ከሌሎች የተለየ ልብስ ለብሶ ቀና ብሎ የሚሄደው በቤቱ ሲከበር እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማንዴላ ከኮልፌ ሥልጠና በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። በጥቅምት ወር 1955 ዓ.ም ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ሙሉ ልብስና ከረባት ትተው የሕዝባቸውን ባህላዊ የነብር ቆዳ ደርበው ገቡ። ባለሥልጣናቱ እንዲያወልቁ ቢጠይቋቸውም አሻፈረኝ አሉ። በሮበን ደሴት እስር ቤት ደግሞ ለጥቁር እስረኞች አጭር ቁምጣ ሲሰጥ ለሌሎቹ ረጅም ሱሪ ይታደል ነበር። የቁምጣው መልእክት ጥቁር አዋቂ ሰው «ልጅ» ነው የሚል በመሆኑ ማንዴላ ተቃወሙት። ልብስ ክብርን ሊሰጥም ሊነፍግም እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስረዳል።

በልጆች ዘንድ ይህ ስሜት የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃዎች ከፍለው አስቀምጠዋል። በሁለተኛው ደረጃ፣ ይኸውም እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ፣ ሕፃኑ ራሱን ችሎ መሥራትን ይለማመዳል፤ ዘወትር የሚከለከልና የሚነቀፍ ከሆነ ኀፍረትና ጥርጣሬ ያድርበታል። «እኔ ራሴ ልልበስ» ማለቱ የዚህ ደረጃ አንዱ ምልክት ነው። በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ ጥያቄው «እኔ ማን ነኝ?» ወደሚለው ያድጋል። በዚህ ጊዜ ልጆች በልብሳቸውና በፀጉራቸው ልዩ ልዩ መልክ ይሞክራሉ፤ አብዛኛው ሙከራም በጊዜው ያልፋል።

ነገሩ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። በገጠሩ አካባቢ ቁንጮና ጋሜ የልጅነት መለያዎች ሆነው ኖረዋል። ልዩነቱ፣ የቀድሞው መለያ በማኅበረሰቡ የሚወሰን ሲሆን የዛሬው ልጅ ደግሞ መለያውን ራሱ መምረጥ መሻቱ ነው። ወላጅን የሚያስጨንቀውም ልብሱ ሳይሆን «ጎረቤት ምን ይላል?» የሚለው ሊሆን ይችላል። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» በሚባልበት ማኅበረሰብ ውስጥ የተለየ ሆኖ መታየት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ደንብ ልብስ ለምን አስፈለገ? መልሱ እኩልነት ነው። ደንብ ልብስ የሀብታምና የድሃ ልጅን በአንድ መልክ ያስቀምጣል፤ ተማሪውን ከሌላው ሰው ለመለየትና ደኅንነቱን ለመጠበቅም ያግዛል። ነገር ግን መግዣ ያጣ ቤተሰብ ልጅ በደንብ ልብስ ምክንያት ከትምህርት ከቀረ ዓላማው ተገልብጧል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ 600 ሺህ ያህል ተማሪዎች ደንብ ልብስና የትምህርት ቁሳቁስ በነፃ ማቅረቡ ይህን ችግር ለማቃለል ያለመ ነበር።

ሕጉም የልጅን ድምፅ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከቱት ጉዳዮች ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። አንቀጽ 13 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነቱን ያረጋግጣል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ከሚፈጸም ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ደንብ ልብስ ያላሟላን ተማሪ መምከርና ወላጁን ማነጋገር እንጂ መግረፍ ሕጋዊ መሠረት የለውም።

በሌላው ዓለምም ጉዳዩ እስከ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል። በአሜሪካዋ ዴሞይን ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 የ13 ዓመቷ ሜሪ ቤት ቲንከር በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ሐዘኗን ለመግለጽ ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ ትምህርት ቤት በመሄዷ ታገደች። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በሰባት ለሁለት ድምፅ ልጆቹን ደግፎ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ የተማሪዎች ድርጊት የትምህርትን ሂደት በእጅጉ እስካላወከ ድረስ ሐሳብን የመግለጽ መብታቸው ትምህርት ቤት ውስጥም የተጠበቀ መሆኑን አስረድቷል።

ለወላጆች የሚጠቅመው መለኪያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የልጁን ጤና የሚነካ፣ የቤቱን ገቢ የሚያናጋ ወይም የትምህርት ቤቱን ደንብ የሚጥስ ምርጫ ሲሆን ምክንያቱን አስረድቶ መከልከል ተገቢ ነው። በክረምት ብርድ ስስ ልብስ የሚለብስን ልጅ ዝም ብሎ ማየት ነፃነት መስጠት አይደለም። የቀለም፣ የቅርጽ ወይም የአስተሳሰር ጉዳይ ብቻ ሲሆን ግን ለልጁ ቢተውለት የሚጎዳ ነገር የለም። ለሕፃናት ሁለት ልብስ አቅርቦ አንዱን እንዲመርጡ ማድረግ ጭቅጭቅን ይቀንሳል። ከፍ ላሉት ደግሞ ያለውን ገንዘብ አሳውቆ በዚያ ልክ እንዲመርጡ ማድረግ ምርጫን ከኃላፊነት ጋር ያስተምራል። መምህራንም በአለባበሱ የተለየ ልጅ በክፍል ጓደኞቹ መሳቂያ እንዳይሆን መጠበቅ ይገባቸዋል።

ደንብ ልብስ በሳምንት አምስት ቀን ይለበሳል። የቀሩት ቀናት፣ በዓላትና የእረፍት ወራት ለልጁ ምርጫ በቂ ስፍራ አላቸው። ልጅ በዚያ ስፍራ ሐሳቡን ያለ ፍርሃት መግለጽን ከለመደ፣ ነገ ከልብስ በሚበልጡ ጉዳዮችም «አይሆንም» ወይም «ይሁን» ለማለት ድፍረት ያገኛል።