ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ በሽታን የመቋቋም ኃይል

ሰብልን ማሻሻል ማለት በተለያዩ ተክሎች ተበታትነው የሚገኙ ጠቃሚ ባሕርያትን በማዳቀል ወደ አንድ ዝርያ ማሰባሰብ በመሆኑ፣ አዳቃዩ ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚመርጥበት ልዩነት ከሌለ ብዙ ሊፈይድ አይችልም። ልዩነቱ የሚመነጨው ባሕርያትን ከወላጅ ወደ ልጅ ከሚያስተላልፈው ዘረ መል ሲሆን፣ በአንድ ሰብል ውስጥ የሚገኘው የዘረ መል ዓይነት ብዛት የዘረ መል ስብጥር ይባላል።

የኢትዮጵያ ገብስ በዚህ ስብጥሩ በዓለም ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 አገሪቱን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የደጋውን ገብስ ብዝኃነት እጅግ አድንቋል፤ ሀብቱን ያቆየው ግን ለቆሎ፣ ለበሶና ለጠላ የሚስማማውን እየለየ፣ ውርጭን ወይም የዝናብ እጥረትን የሚችለውን እየመረጠ፣ ብዙ ጊዜም ቀላቅሎ እየዘራ ለዘመናት የኖረው አርሶ አደር ነው።

የዚህ ልፋት ዋጋ በግልጽ የታየው ከአገር ውጭ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ክሽክሽ የተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያስተላልፉት፣ ተክሉን የሚያቀጭጭና ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ በገብስ ላይ መለየቱን ተከትሎ፣ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከስድስት ሺህ በላይ የገብስ ናሙናዎችን ሲፈትሹ፣ በሽታውን ተቋቁመው የተገኙት ጥቂቶች ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ የኢትዮጵያ ነበሩ። ከእነዚህ የተለየው ዋይዲ2 የተባለው ዘረ መል ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች በተዳቀሉ ዝርያዎች ውስጥ ገብቷል።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ቅጠልን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው የሻጋታ በሽታ የአውሮፓን ገብስ ክፉኛ ይጎዳ የነበረ ሲሆን፣ ለመከላከያነት የሚገቡት ዘረ መሎችም ሻጋታው ራሱን እየለወጠ ስለሚያሸንፋቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋጋ ያጡ ነበር። በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ገብሶች ግን ኤምኤልኦ የሚባለው ዘረ መል በተፈጥሮ ለውጥ ሥራውን ያቆመባቸው ሆነው ተገኙ፤ ሻጋታው ወደ ተክሉ ሕዋስ ዘልቆ ለመግባት የዚህ ዘረ መል ሥራ ስለሚያስፈልገው፣ ሥራው ሲቀር መግቢያውም ይዘጋል። ባሕርዩ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ የበልግ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ ከ40 ዓመት በላይ ጸንቷል፤ ለአንድ ዘረ መል ይህ በጣም ረጅም ዕድሜ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ናሙናዎቹ የተሰበሰቡት ጥቅማቸው ከመታወቁ አስቀድሞ መሆኑ ነው፤ በምርት ብዛት ብቻ ቢመዘኑ ኖሮ ማንም አያነሣቸውም ነበር። ዛሬ አንድ ወጥ የሆኑ ምርጥ ዘሮች ነባር ዝርያዎችን ከማሳ እያስወጡ ሲሄዱ የሚጠፋውም እንዲህ ያለው ገና ያልታወቀ ሀብት ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ ናሙናዎችን በቅዝቃዜ ማቆየቱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ባለበት ሲቆይ በሽታዎች ግን መለወጣቸውን አያቆሙም። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነባር ዝርያዎች በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ እየተዘሩና እየተመረጡ እንዲቀጥሉ አጥብቀው የሠሩት በዚሁ ምክንያት ነበር።