ያልተከፈተው ጠርሙስ፦ የኒውክሌር ፊዚክስ በቦርዶ የወይን ርስቶች

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1985 ለንደን በሚገኘው የክሪስቲ የጨረታ ቤት አንዲት የወይን ጠጅ ጠርሙስ በ105,000 ፓውንድ ተሸጠች። ጠርሙሷ የወረቀት ልጣፍ አልነበራትም። በብርጭቆዋ ላይ ግን 1787 የሚል ዓመት፣ «ላፊት» የሚል የርስት ስም እና «ቲ.ኤች.ጄ.» የሚል ምሕጻረ ቃል ተቀርጾባታል። ምሕጻሩ የቶማስ ጄፈርሰን እንደ ሆነ ተነገረ። ጄፈርሰን የአሜሪካ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት በፈረንሳይ የአገራቸው መልእክተኛ ነበሩ፤ በ1787 ሜይ ወር ቦርዶን ጎብኝተዋል፤ ወይን አዋቂም ነበሩ። ታሪኩ በሚገባ የተሰካካ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጠርሙሷ በእርግጥ የተባለችው ጠርሙስ መሆኗን በምን ማወቅ ይቻላል? ቢከፍቷት ዋጋዋ ከቡሿ ጋር ይወጣል፤ ባይከፍቷት ደግሞ በውስጧ ያለው ምን እንደ ሆነ መቅመስ አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ ያልተከፈተን ጠርሙስ ስለሚጠይቅ አንድ የፊዚክስ ዘዴና ዘዴው ስለማይመልሰው ጥያቄ እንነጋገራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

አስቀድመን ስለ ርስቶቹ ጥቂት እንበል። ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን፣ በጂሮንድ ወንዝ ግራ ዳርቻ የተዘረጋው ሜዶክ የተባለው ምድር ሰፊ ክፍሉ እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ድረስ ረግረግ ነበር፤ ቦይ ቆፍረው ውኃውን ያጠነፈፉት የሆላንድ መሐንዲሶች ናቸው። ዛሬ የከበሩት ርስቶች የተቀመጡት በጠጠር ጉብታዎች ላይ ነው። ጠጠሩን ከፒሬኔ ተራሮችና ከመካከለኛው ፈረንሳይ ከፍተኛ ቦታዎች ጠርገው ያመጡት የጥንት ወንዞች ናቸው። ጠጠር ለእህል የማይረባ መሬት ይሁን እንጂ ለወይን ተክል ይስማማል፤ የዝናቡን ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፣ የቀኑንም ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቃል። ፈረንሳውያን «ሻቶ» የሚሉት ቃል በተራ ትርጉሙ ግንብ ወይም ቤተ መንግሥት ማለት ሲሆን፣ በወይን ነገር ግን ርስቱን ከነመሬቱ፣ ከነመጥመቂያውና ከነምድር ቤቱ ያመለክታል።

ከርስቶቹ መካከል በስም የቀደመው ኦ-ብሪዮን ነው። የእንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ የዕለት ማስታወሻ በኤፕሪል 1663 ለንደን ውስጥ ስለ ጠጡት የዚህ ርስት ወይን ይናገራል፤ ጸሐፊው የርስቱን ስም በትክክል መጻፍ ባይችሉም ጣዕሙን ግን አልረሱትም። በ1855 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ሲያዘጋጁ የቦርዶ የወይን ደላሎች ርስቶቹን በአምስት ደረጃ መደቡ። ለደላሎቹ ዋና መለኪያ የሆናቸው ለረጅም ዓመታት የተመዘገበው የገበያ ዋጋ ነበር። በአንደኛው ደረጃ አራት ርስቶች ብቻ ተቀመጡ፤ እነርሱም ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ከሜዶክ ውጭ ብቸኛ የሆነው ኦ-ብሪዮን ናቸው። ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ የወጣው ሙቶን-ሮትሽልድ ብቻ ሲሆን ይህም በ1973 ሆነ። አንድ ዝርዝር ከመቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ሳይናወጥ መኖሩ ያስደንቃል፤ በእኛ ሙያ ይህን ያህል የኖረ የደረጃ ሠንጠረዥ ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ በልጣፉ ላይ የርስቱ ስምና የመከሩ ዓመት ከሰፈሩ ምን ጥርጣሬ አለ? ችግሩ ልጣፍ ወረቀት መሆኑ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ርስቶቹ ለብዙ ዘመናት ወይናቸውን በበርሜል ለቦርዶ ነጋዴዎች ያስረክቡ ነበርና ጠርሙስ ውስጥ የሚሞላው በአብዛኛው በሌላ ሰው መጋዘን ነው። ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሽልድ የሙቶን ወይን በሙሉ በርስቱ ግቢ እንዲታሸግ የወሰኑት በ1924 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ አሮጌ ጠርሙስ ከርስቱ እስከ ጨረታው አዳራሽ ባለፈበት መንገድ ላይ ስንት እጅ እንደ ገባበት መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ የኒውክሌር ፊዚክስ ይገባል። ሲዚየም-137 የተባለው ኢሶቶፕ በተፈጥሮ ውስጥ የለም ሊባል ይችላል፤ የሚወለደው የዩራኒየም ወይም የፕሉቶኒየም አተም ሲሰነጠቅ ነው። የመጀመሪያው የኒውክሌር ቦምብ ጁላይ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ ተፈተነ። ከዚያ በኋላ ኃያላን መንግሥታት በከባቢ አየር ውስጥ ያፈነዷቸው ቦምቦች ይህን ኢሶቶፕ ወደ ላይኛው አየር ረጩት፤ ከዚያም ከዝናብና ከአቧራ ጋር ቀስ እያለ በመላው ዓለም ወረደ። የቦርዶም የወይን ቅጠልና ፍሬ ድርሻውን ተቀበለ። መሬት የደረሰው ሲዚየም ከሸክላማው የአፈር ክፍል ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሥሩ ብዙ አይስበውም። ስለዚህ በአንድ ዓመት ወይን ውስጥ የሚገኘው ሲዚየም ከሁሉ በላይ የሚናገረው ስለዚያው ዓመት አየር ነው። ቡሹ ከተመታ በኋላ የሚጨመር የለም፤ የሚቀነሰው በኢሶቶፑ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በየ30 ዓመቱ በግማሽ ነው።

በቦርዶ አጠገብ በግራዲኛን በሚገኘው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ፊዚሲስቱ ፊሊፕ ኡበር እና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በመከር ዓመታቸው የታወቁ ጠርሙሶችን በመለካት አሳዩ። ከሐምሳዎቹ መጀመሪያ በፊት በተመረተ ወይን ውስጥ የሚታይ ሲዚየም የለም። ከዚያ ወዲህ መጠኑ ያድግና በ1963 አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። በከባቢ አየር መፈተንን የሚከለክለው ስምምነት በዚያው ዓመት ተፈረመ፤ ኩርባውም ቁልቁል ወረደ። በ1986 የቼርኖቢል አደጋ ትንሽ ጉብታ ጥሎበት አልፏል። የዲፕሎማሲ ታሪክ በምድር ቤት ውስጥ በተኙ ጠርሙሶች ተመዝግቦ ተገኘ ማለት ነው።

አንባቢ እንዳይደነግጥ አንድ ነገር እንጨምር። በጣም በተበከሉት ዓመታት እንኳ መጠኑ በሊትር ከአንድ ቤክሬል ብዙ የሚርቅ አይደለም። በአንጻሩ ማንኛውም ወይን በሊትር አንድ ግራም ያህል ፖታሲየም ስላለው፣ ከተፈጥሯዊው ፖታሲየም-40 ብቻ 30 ቤክሬል አካባቢ ይገኝበታል። ሙዝም ድንችም እንዲሁ ናቸው። ጠጪን የሚጎዳው አልኮሉ እንጂ ሲዚየሙ አይደለም።

መለካቱ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። ሲዚየም-137 ሲፈርስ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው የጋማ ጨረር ይወጣል። ጨረሩ ብርጭቆውን ያለ ብዙ ችግር ያልፋል፤ ጠርሙሱን መክፈት የማያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ምሳሌ እናስላ። በሊትር አንድ መቶኛ ቤክሬል ብቻ የቀረበት ወይን በ0.75 ሊትር ጠርሙስ ቢኖረን፣ በቀን 650 ያህል አተሞች ይፈርሳሉ። ከእነዚህ 85 በመቶ ያህሉ የተባለውን ጋማ ይሰጣሉ። ጠቋሚው መሣሪያ ከመቶ አንዱን ይይዛል ብንል በቀን የምንቆጥረው አምስት ወይም ስድስት ጨረር ብቻ ነው። በተራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ ከሕዋ የሚመጣው ጨረር፣ የግድግዳው ኮንክሪትና የወለሉ ድንጋይ በየሰከንዱ መሣሪያውን ያንኳኳሉ። እኛም በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር ከጀርማንየም ጠቋሚ ጋር ብዙ ሌሊት አሳልፈናል። አንድ ጊዜ አዲስ ነገር ያገኘን መስሎን ሁለት ሳምንት የተከታተልነው ጫፍ በመጨረሻ የግድግዳው ፖታሲየም ሆኖ መገኘቱን እዚህ ላይ ብንናዘዝ አይከፋም።

መፍትሔው ከተራራ በታች መግባት ነው። ከፈረንሳይ ወደ ኢጣሊያ በሚያሻግረው የፍሬጁስ ዋሻ መካከል፣ 1,700 ሜትር በሚሆን አለት ሥር የሞዳን ቤተ ሙከራ ይገኛል። ከሕዋ የሚመጡት ሚዮን የተባሉት ቅንጣቶች እዚያ ሲደርሱ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይቀንሳሉ። ለቀሪው መከላከያ እርሳስ ነው፤ ነገር ግን አዲስ የተነጠረ እርሳስ ራሱ እርሳስ-210 የተባለ ጨረር አመንጪ ኢሶቶፕ ይዟል። ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ስለሆነ አሮጌ እርሳስ ከአዲሱ የጠራ ነው። ስለዚህ ፊዚሲስቶች ከሰመጡ የሮማውያን መርከቦች የወጣ እርሳስ ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ የተሰናዳው ለወይን ተብሎ አልነበረም፤ ኡበርም ሆኑ ባልደረቦቻቸው በዚያ ተራራ ሥር ይሹ የነበረው የኒውትሪኖን ባሕርይ የሚገልጥ እጅግ ብርቅ የሆነ የአተም ፍርሰት ነው። ወይኑ በትርፍ ጊዜ የመጣ እንግዳ ነበር።

ወደ ጄፈርሰን ጠርሙሶች እንመለስ። አሜሪካዊው ባለጸጋ ቢል ኮክ በ1988 የዚሁ ስብስብ የሆኑ አራት ጠርሙሶችን ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዙ። በ2005 የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የኮክን ስብስብ ለትርዒት ሲያዘጋጅ የጠርሙሶቹ ምንጭ ተጠየቀ። የጄፈርሰንን መኖሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ድርጅት ጠርሙሶቹ የእርሳቸው ለመሆናቸው ማስረጃ እንደሌለው ገለጸ። ኮክ መርማሪዎች ቀጠሩ፤ ጠርሙስም ወደ ኡበር ተላከ። ጠቋሚው ቆጠረ፤ ሲዚየም አልተገኘም።

ብዙዎች በዚህ ቦታ «እንግዲያስ እውነተኛ ነው» ይላሉ። እኛ ግን ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ እንዲቆሙ እንሻለን። የተለካው ነገር «ወይኑ 1787 ነው» አላለም፤ ያለው «የቦምቦቹን ዘመን ምልክት አላየሁም» ብቻ ነው። በ1920 የተጠመቀ ወይንም ይህንኑ መልስ ይሰጣል። ሲዚየም ቢገኝ ኖሮ ክርክሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ ስላልተገኘ ግን ጥያቄው ከፊዚክስ እጅ ወጣ። መርማሪዎቹም ፊታቸውን ከወይኑ ወደ ብርጭቆው አዞሩ። ቅርጹን በአጉሊ መነጽር ያዩ የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎች ፊደላቱ የተቀረጹት በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መሣሪያ እንደ ሆነ ደመደሙ። በ1787 እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም። ጠርሙሶቹን ለገበያ ያቀረቡት ጀርመናዊ ሰብሳቢ ክሱን እስከ መጨረሻ ክደዋል።

ዘዴው ሌላም ድካም አለበት። ኩርባው ወጥቶ የሚወርድ ስለሆነ አንድ ዓይነት መጠን ከጫፉ በፊትም በኋላም ይገኛል፤ የሐምሳዎቹን መጨረሻ ከስድሳዎቹ መጨረሻ ለመለየት ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ሰዓቱ እየደበዘዘ መሄዱ ነው። በ1963 ከታሸገው ሲዚየም ዛሬ የቀረው ሩብ ያህሉ ነው፤ በ2053 አንድ ስምንተኛው ይቀራል። በቅርብ ዓመታት የተመረተ ወይን ደግሞ ሲዚየም የለውም በሚባል ደረጃ ላይ ደርሷል። እንግዲህ አንድ አጭበርባሪ የትናንት ወይን በአሮጌ ጠርሙስ ሞልቶ 1900 ቢልበት፣ ካልተከፈተው ጠርሙስ የሚመጣው መልስ ዝምታ ሊሆን ይችላል። በ2018 ኡበርና ሁለት ባልደረቦቻቸው የ2011 የፉኩሺማ አደጋ በካሊፎርኒያ ወይኖች ላይ አሻራ ጥሎ እንደ ሆነ ሲመረምሩ፣ በታሸገው ጠርሙስ ምንም አላዩም። አሻራው የታየው ወይኑን አትንነው፣ ቀሪውን አቃጥለው አመድ ካደረጉት በኋላ ነው። ጠርሙሱን ሳይነኩ መለካት የሚለው የዘዴው ትልቁ ጸጋ በዚያ ቀርቷል።

ካርቦን-14ስ? ከአልኮሉ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ቡሹ መነካቱ አይቀርም። የቦምብ ፈተናዎቹ የአየሩን ካርቦን-14 በስድሳዎቹ አጋማሽ እጥፍ ሊያደርጉት ተቃርበው ነበር፤ ያ ጭማሪ ጥሩ ምልክት ሆኖ አገልግሏል። ይሁንና ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ካርቦን-14 የሌለበት ጋዝ አየሩን እያቀጠነው፣ በዚህ በያዝነው አሥር ዓመት መጠኑ ከቦምቦቹ በፊት ወደ ነበረበት ደረጃ ተመልሷል። የመኪኖቻችን ጭስ ለሐሰተኛ ወይን ነጋዴ ሽፋን ይሰጣል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል?

እንዲህ ስንል ተስፋ ቆርጠን አይደለም። በኤፕሪል 2008 ኒው ዮርክ ውስጥ ለጨረታ ከቀረቡ ወይኖች መካከል የቡርጎኝ ርስት የሆነው የዶሜን ፖንሶ ስም ያለባቸው፣ ክሎ ሳን-ደኒ ከተባለው የወይን ቦታ እንደ ሆኑ የተነገረላቸው ጠርሙሶች ነበሩ፤ የመከር ዓመታቸው ከ1945 እስከ 1971 ነው ተብሏል። የርስቱ ኃላፊ ሎራን ፖንሶ ይህን ሰምተው ባሕር ተሻግረው መጡ። ጠቋሚ አልያዙም፤ እርሳስም አላስፈለጋቸውም። ቤተሰባቸው ከክሎ ሳን-ደኒ ወይን መሥራት የጀመረው በሰማንያዎቹ እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና። ጠርሙሶቹ ከጨረታው ወጡ። ያቀረባቸው ሰብሳቢ ሩዲ ኩርኒያዋን በዲሴምበር 2013 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2014 የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። በቤቱ ከተያዙት ጠርሙሶች መካከል ሐሰተኛ የተባሉት ከ500 የሚበልጡ በዲሴምበር 2015 ቴክሳስ ውስጥ በመኪና ተጨፈለቁ። ከመጨፍለቃቸው በፊት ጥቂቶቹ ከተራራው ሥር ቢገቡና ምን ያህሉ ዝም እንደሚሉ ብናይ ምንኛ ደስ ባለን ነበር።