በልብ በር የሚገባው ሌባ

አባቶቻችን ቤታቸውን ከሌባ ሲጠብቁ አጥሩን በእሾህ ያጥሩ፣ በሩን በመወርወሪያ ያጸኑ፣ በደጃፉም ውሻ ያስሩ ነበር። ሌባውም ሌሊትን ተገን አድርጎ፣ ግድግዳ ምሶ ወይም አጥር ጥሶ ይመጣ ስለ ነበር፣ መምጣቱን ውሻው ጮኾ ያስታውቅ ነበር። በአሁኑ ዘመን ግን ሌላ ዐይነት ሌባ ተነሥቷል። ይህኛው በቀን ይመጣል፤ በትሕትና ሰላምታ ይሰጣል፤ ስማችንን ጠርቶ ጤንነታችንን ይጠይቃል። በሩንም የምንከፍትለት እኛው ራሳችን ነን። የሚመጣው በስልክ ነው፤ የሚገባው ግን በልብ በር ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንዲት እናት ከቀትር በኋላ ቡናቸውን ቆልተውና ወቅጠው ጀበናውን እንደ ጣዱ ስልካቸው ጠራ እንበል።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ! እንደምን ዋሉ? የምደውልልዎ ከባንክ ነው» ይላል አንድ ጨዋ ድምፅ። ስማቸውን ከነአባታቸው ይጠራል። «ከሒሳብዎ ገንዘብ ለማውጣት የሞከረ ሰው አለ። አሁኑኑ ካላገድነው ያለዎት ሁሉ ይወሰዳል።»

«ኧረ በእግዚአብሔር! ምን ባደርግ ይሻለኛል ልጄ?»

«አይደንግጡ እማማ፤ እኛ አለንልዎ። ብቻ ስልኩን እንዳይዘጉት። አሁን በስልክዎ የቁጥር መልእክት ይገባል፤ እርሱን ያንብቡልኝ። ሌሎቹም ደንበኞቻችን ዛሬ ይህንኑ አድርገዋል። ታዲያ ለማንም እንዳይናገሩ፤ ሌባው ከቤትዎ ሰው ሊሆን ይችላል።»

እኒያም እናት መነጽራቸውን ፈልገው ቁጥሩን አንድ በአንድ ያነቡለታል። እርሱም አመስግኖ ስልኩን ይዘጋል። ቡናው ገና ሳይፈላ፣ ለክፉ ቀን ብለው በብዙ ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ ከእጃቸው ወጥቷል።

እስቲ አሁን እንጠይቅ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰበረው መቆለፊያ የትኛው ነው? አንድም አልተሰበረም። ሌባው በራሱ ስልክ ወደ እናቲቱ ሒሳብ ለመግባት ሲሞክር፣ ባንኩ እንደ ደንቡ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ባለቤቲቱ ስልክ ላከ። የባንኩ መሣሪያ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ለሌባው የጎደለው ያ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እርሱንም ባለቤቲቱ በገዛ አንደበታቸው ሰጡት። የተሰበረው እንግዲህ የእናቲቱ የልብ ጸጥታ ነው።

የሙያው ሊቃውንት ይህን ዐይነቱን ብልጠት ሶሻል ኢንጂነሪንግ ይሉታል። ኮምፒዩተሩን ትቶ በኮምፒዩተሩ የሚጠቀመውን ሰው መርታት ማለት ነው። ቬራይዘን የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዓመታዊ ዘገባ፣ ከመረመራቸው የመረጃ ዝርፊያዎች በ68 ከመቶው ውስጥ የሰው መሳሳት ወይም መታለል እንደ ነበረበት ገልጧል። ስለዚህ የኮምፒዩተርን ደኅንነት ለመሐንዲሶች ብቻ ትተን ልንቀመጥ አንችልም። የጥበቃው እኩሌታ በየቤታችን ያለ ነው።

ብዙ ሰዎች «የሚታለለው ያልተማረና የዋህ ሰው ነው» ይላሉ። ይህ አሳብ ከእውነት የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ስታንሊ ሚልግራም የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ አንድ ፈተና ጀመረ። ከልዩ ልዩ ሥራ የመጡ 40 ወንዶች እያንዳንዳቸው እየተጠሩ፣ በሌላ ክፍል የተቀመጠ ሰው መልስ በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲቀጡት ታዘዙ። ግራጫ ጋዋን የለበሰ ሰው በአጠገባቸው ሆኖ፣ ባመነቱ ጊዜ እንዲቀጥሉ ያዛቸው ነበር። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነበር፤ እነርሱ ግን እውነት መስሏቸዋል። ሆኖም ከ40ዎቹ 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ ማለት 450 ቮልት ተብሎ እስከ ተጻፈበት ድረስ ታዘዙ። እነዚህ ሰዎች ጨካኞች ወይም ሰነፎች አልነበሩም። ሥልጣን ያለው በሚመስል ድምፅ ፊት ግን የራሳቸው ድምፅ ጠፋባቸው።

ሮበርት ቻልዲኒ የተባለው ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ሳያመዛዝን እሺ የሚልባቸውን ስድስት መንገዶች ዘረዘረ። እነርሱም ለተደረገልን ውለታ መመለስ፣ የጀመሩትን መፈጸም፣ ብዙዎች ያደረጉትን መከተል፣ የወደዱትን ሰው ማመን፣ ባለሥልጣንን ማክበርና የሚያመልጥ ለመሰለ ነገር መቻኮል ናቸው። ያንን የስልክ ንግግር መለስ ብለን ብንመለከተው ስድስቱንም እናገኛቸዋለን። «ከባንክ ነው» ሲል ሥልጣንን ለበሰ። «እማማ» ሲል ፍቅርን ጠራ። «እኛ አለንልዎ» ሲል ባለውለታ መሰለ። «አሁኑኑ» ሲል አጣደፈ። «ሌሎቹም አድርገዋል» ሲል ብዙዎችን ምስክር አቆመ። እናቲቱም አንድ ጊዜ መልስ መስጠት ከጀመሩ በኋላ መሐል ላይ ማቋረጡ ነውር መሰላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። እነዚህ ጠባዮች በራሳቸው ክፉ አይደሉም። እድራችንና ዕቁባችን የቆመው በመተማመን ነው፤ ልጆቻችንን ያሳደግነው ታላላቆችን አክብሩ፣ ቃላችሁን ጠብቁ እያልን ነው። ሌባው የሚጠቀመው በስስታችንና በፍርሃታችን ብቻ ሳይሆን በደግነታችንም ጭምር ነው። በተረት የምናውቃት ቀበሮ ባሕታዊ የተከበረውን ልብስ የለበሰችው ልብሱ ስለሚታመን ነው። የልብሱ መታመን ጥፋት አይደለም፤ ከልብሱ በታች ያለውን አለመመርመር ግን ያስጠቃል።

ፍቅርም እንኳ ወጥመድ ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣ አንድ የኢሜይል መልእክት «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ ተሰጥቶት በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። የፍቅር ደብዳቤ መስሏቸው የከፈቱት ሰዎች ኮምፒዩተራቸውን አስበከሉ፤ መልእክቱም ከእነርሱ ወደሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ እየተላለፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ሚሊዮኖች ዘንድ ደረሰ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የማታለያው ጥበብ እጅግ ረቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ የታወቀው ነገር ይህን ያስረዳል። አሩፕ የተባለው የመሐንዲሶች ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ ገንዘብ በምስጢር እንዲልክ የሚያዝዝ መልእክት ደረሰው። መጀመሪያ ተጠራጠረ። ኋላ ግን በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቃውንና የሥራ ባልደረቦቹን በዐይኑ አየ፣ ድምፃቸውንም ሰማ፤ ጥርጣሬውም ተወው። 200 ሚሊዮን ያህል የሆንግ ኮንግ ዶላር ከላከ በኋላ በስብሰባው ላይ ያያቸው ሁሉ በኮምፒዩተር የተሠሩ ምስሎች መሆናቸው ታወቀ። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህና ባንኮችም አገልግሎታቸውን በስልክ መስጠት ካበዙ ወዲህ፣ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ከረጢት ሆኗል። ልጆቻችን በዐረብ አገር፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ተበትነዋል። «ልጅዎ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፤ ለሕክምና ፈጥነው ገንዘብ ይላኩ» የሚል ድምፅ የማያስደነግጠው ወላጅ ማን ነው? በውጭ ያለውም ወገናችን የታመመ ሕፃን ሥዕል ወይም የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ርኅራኄው እጁን ወደ ኪሱ ይመራዋል። መስጠቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመስጠት በፊት የአጥቢያውን አስተዳዳሪ ወይም የሚያውቁትን ዘመድ ጠይቆ ማረጋገጥ ምጽዋቱን ለእውነተኛው ችግረኛ ያደርሰዋል።

ሕግ በበኩሉ ዝም አላለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸመውን ማታለል በወንጀል የሚያስቀጣ አድርጎታል። ይሁን እንጂ በደቂቃ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍን ገንዘብ ማስመለስ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ቀድሞ መጠንቀቁ ይሻላል።

ጥንቃቄውም ከባድ ትምህርት የሚያስፈልገው አይደለም። ፊተኛው ነገር አለመቸኮል ነው፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ተብሏልና። ከባንክ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ የሚል ሰው ሲያጣድፈን ስልኩን ዘግተን፣ እርሱ በሰጠን ቁጥር ሳይሆን እኛ አስቀድመን በምናውቀው ቁጥር ራሳችን እንደውል፤ ወይም በአቅራቢያችን ወዳለው ቅርንጫፍ እንሂድ። በስልካችን የሚገባውን የማረጋገጫ ቁጥርና የምስጢር ቁጥራችንን እንደ ቤት ቁልፍ ቆጥረን ለማንም አንስጥ። በቴሌግራምና በዋትሳፕም ላይ ሁለተኛ የምስጢር ቁልፍ እንዲደረግ ከቤቱ ልጆች አንዱ ያስተካክል። በሩቅ ያሉ ዘመዶችም ለችግር ጊዜ የሚጠያየቁትን፣ ከቤተ ሰቡ በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ ቃል ቢስማሙበት መልካም ነው። ድምፅና መልክን የሚቀዳ መሣሪያ ያንን ቃል ከቶ አያውቀውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ሌባው ለእናቲቱ ከተናገረው ሁሉ እጅግ ክፉው «ለማንም እንዳይናገሩ» የሚለው ቃል ነው። ሌላው ማታለያው ሁሉ የሚጸናው በዚህ ነው፤ ከቤቱ ሰው አንዱ አጠገባቸው ሆኖ «ማን ነው የደወለው?» ቢላቸው ኖሮ ወጥመዱ በዚያው በተበጠሰ ነበርና። ይህም ክፉ ቃል ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሥራውን አያቆምም። እናቲቱ የደረሰባቸውን ሲያውቁ «ልጆቼ አረጀች፣ ጃጀች ይሉኛል» ብለው ያፍራሉ፤ ስለዚህም ዝም ይላሉ። እርሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር ሌባው የቀረውን ለመውሰድ፣ ከዚያም ወደ ጎረቤት ለመሻገር ጊዜ ያገኛል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፣ በዚያው ሰዓት ለባንኩ ቢነገር ሒሳቡን አሳግዶ የተረፈውን ማዳን ይቻል ነበር።

እንግዲህ እኛ ልጆች የሆንን፣ እናት ወይም አባት ደፍረው ሲነግሩን ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል ምን ይሆን? «እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?» የምንል ከሆነ፣ በሚመጣው ጊዜ እንዳይነግሩን እኛው አፋቸውን ዘጋን ማለት ነው። «እንኳን ነገሩን፤ በሉ አብረን ወደ ባንክ እንሂድ» ብንል ግን ከገንዘቡ የሚበልጠውን እናድናለን። ልጆቻችንም ቢሆኑ በስልካቸው የሚያስፈራራቸው ወይም የሚያባብላቸው ሰው ሲገጥማቸው ወደ እኛ የሚሮጡት ቁጣችንን ካልፈሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ይህን ነገር አንሥታችሁ ተጫወቱበት። ሽማግሌዎቹ የደረሰባቸውን ይንገሩ፤ ወጣቶቹም በትዕግሥት ያስረዱ። የሚነጋገር ቤተ ሰብ ሌባው «ለማንም እንዳትናገሩ» ባለ ጊዜ ሌባ መሆኑን ከዚያው ቃል ያውቀዋል።