ቢጫው ሄዶ የሚመለስበት ፈሳሽ

በዘፈቀደ ከሚንቀሳቀሱ ቅንጣቶች፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሥርዓት ሊወጣ እንደሚችል ከሚያሳዩት ማስረጃዎች እጅግ ግልጽ ከሆኑት አንዱ በብርጭቆ ውስጥ የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሶቭየት ኅብረቱ ኬሚስት ቦሪስ ቤሎውሶቭ፣ ሕያው ሕዋስ ከምግብ ኃይል የሚያወጣበትን ዑደት በቤተ ሙከራ ለማስመሰል ሲትሪክ አሲድን ከብሮሜትና ከሴሪየም ጨው ጋር ሲቀላቅል፣ ድብልቁ ቢጫ ሆኖ ቆየና ቀለሙን አጣ፤ ጥቂት ቆይቶም መልሶ ቢጫ ሆነ፤ እንዲህም እያለ ተፈራረቀ። የመጽሔት አዘጋጆች ግን ነገሩ ሊሆን አይችልም ብለው ጽሑፉን መለሱበት፤ ግኝቱም በ1959 እምብዛም በማይነበብ ጥራዝ ውስጥ በአጭሩ ከመታተም አላለፈም።

ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው። የቴርሞዳይናሚክስ፣ ማለትም የሙቀትና የኃይል ሳይንስ፣ ሁለተኛ ሕግ ከአካባቢው በተነጠለ ሥርዓት ውስጥ «ኢንትሮፒ» የተባለው የመበታተን መጠን እንደማይቀንስ ስለሚደነግግ፣ ድብልቅ ወደ እርጋታው ይጓዛል እንጂ ወዲያና ወዲህ አይዋዥቅም ተብሎ ይታመን ነበር። የተሳሳተው ግን አተረጓጎሙ እንጂ ሕጉ አልነበረም። ቁልቁል የሚወርድ ወንዝ በመንገዱ አዙሪት ቢሠራ ሽቅብ ወጣ እንደማይባል ሁሉ፣ በዚህ ብርጭቆም ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ያለማቋረጥ እያለቁ ይሄዳሉ፤ የሚዋዥቁት በመካከል ተፈጥረው የሚጠፉት ውሁዶች ብቻ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ የሆነው ብሮመስ አሲድ የራሱን መፈጠር ስለሚያፋጥን በድንገት ይበዛል፤ ሲበዛም ሴሪየሙ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው ሴሪየም በተራው እንደ ሲትሪክ አሲድ ካሉት ኦርጋኒክ ውሁዶች ጋር ኬሚካዊ መስተጋብር ፈጥሮ ቀለሙን ሲያጣ ብሮማይድ የተባለው አጋጅ ይለቀቃል፤ ብሮማይዱም ራሱ ተመናምኖ እስኪያልቅ ድረስ የብሮመስ አሲዱን መባዛት ይገታል። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሞለኪውሎች እንደ አንድ አካል ቀለም የሚለውጡት በዚህ የማፋጠንና የማገድ ፍርርቅ ነው፤ አስደናቂው ነገርም ከሞለኪውሎቹ አንዱም የቅርብ ጎረቤቱን ከመግጨት በቀር የሚያደርገው ነገር አለመኖሩ ነው።

የቤሎውሶቭን ምርምር ከ1961 ጀምሮ የቀጠለው አናቶሊ ዣቦቲንስኪ፣ ከባልደረባው ዛይኪን ጋር በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ ድብልቁ ሳይማሰል በሳህን ላይ በስሱ ሲዘረጋ ቀለሙ ክብ ማዕበል ሆኖ እንደሚስፋፋ አሳየ። ከእያንዳንዱ ማዕበል ኋላ አጋጁ ስለሚበዛ፣ ሁለት ማዕበሎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አልፎ መሄድ አይችልም፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሳህኑ አዲስ ንጥረ ነገር ካልተጨመረለትም ሁሉም ይቆማል፤ የ1977 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ኢልያ ፕሪጎዢን እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚጸናው ኃይልና ቁስ ሳይቋረጥ ሲያልፍበት ብቻ ነው።

በልብ ጡንቻ ላይ የሚሰራጨው የኤሌክትሪክ ማዕበልም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ማዕበሉ ወደ ጥምዝ አዙሪት ተለውጦ ሲሰባበር ልብ ደም መርጨት ያቅተዋል፤ ሐኪሞችም በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ማዕበሎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አጥፍተው መደበኛው ምት እንዲመለስ ዕድል ይሰጡታል።