«ካልሆነስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሥዕል

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ለማግኘት አድራሻ መጠየቅ አያስፈልግም። ጀሞም ይሁን ለቡ ወይም ጎፋ፣ የብየዳው ብልጭታና ብረት የሚቆርጠው ማሽን ጩኸት ይመራል። ከእነዚህ ቤቶች የአንዱን ባለቤት «ሥራችሁ እንዴት ነው የሚሄደው?» ብንለው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፤ ደንበኛ ይመጣል፣ እንለካለን፣ ቀብድ እንቀበላለን፣ እንሠራለን፣ ወስደን እንገጥማለን። ውሸት የለበትም። ግን በሩ በተባለበት ቀን ለምን እንዳልደረሰ፣ ደርሶም ለምን አልገጥም እንዳለ፣ በመሐል የላሜራ ዋጋ ሲጨምር ኪሳራው በማን ላይ እንደወደቀ ከዚህ መልስ ውስጥ አይገኝም።

የጎደለውን ፈልፍሎ የሚያወጣ መሣሪያ አለ። የሥራ ሂደትን በሥዕል የምንሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሲከፈት ነጭ ሰሌዳ ይመጣል፤ በግራው ጠርዝ ጥቂት ቅርጾች ተደርድረዋል። የሚፈለገውን በአይጥ ጎትቶ ሰሌዳው ላይ መልቀቅ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ስሙን መጻፍ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት መሳብ ብቻ ነው። ስሱ ክብ መነሻ ነው፤ ጠርዙ የወፈረው ክብ መድረሻ። ማዕዘኑ የተለዘበ ሳጥን አንድ ሥራ ነው። በአንድ ጫፉ የቆመው አራት ማዕዘን ደግሞ መገንጠያ ነው፤ ውስጡ የኤክስ ምልክት ካለበት ከመንገዶቹ አንዱ ብቻ ይወሰዳል፣ የመደመር ምልክት ካለበት ሁሉም ጎን ለጎን ይኬዳሉ። ሰዓት የተሳለበት ክብ መጠበቅን ያሳያል። ከዚህ በላይ ብዙ ምልክት አለ፤ ለጀማሪ ግን እነዚህ ይበቁታል።

ሥራን በምልክት የመሳል ሐሳብ የኮምፒውተር ልጅ አይደለም። ጡብ ደርዳሪ ሆኖ ሥራ የጀመረው አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብሬዝ ከባለቤቱ ከሊሊያን ጋር የሥራ ሂደት ሠንጠረዥን ለአገሩ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድርጅት በየራሱ ምልክት ሲስል ኖረ፤ አንዱ የሳለውን ሌላው ማንበብ እስኪቸግረው። ዛሬ ዓለም የሚግባባበት ቢ ፒ ኤም ኤን የተባለው የጋራ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ በ2011 ሁለተኛው እትም፣ በ2013 ደግሞ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ማረጋገጫ ተከተለው። በዚህ ቋንቋ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች መካከል መነሻው በርሊን የሆነው ካሙንዳ ሞዴለር በነጻ ይገኛል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ደግሞ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። በሳጥኖቹ ውስጥ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ፊደላችንን ሳያዛባ ይቀበላል። አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኞች ያሉበት ቤት በእንግሊዝኛ የተሰየመ ሥዕል ባይሰቅል እወዳለሁ። ሥዕሉ የሚጠቅመው የሚሠራበት ሰው ሲያነበው ነው።

አሁን በሩን እንሳለው። «ለካ» ከሚለው ሳጥን ወደ «ብረት ግዛ» ቀስት ልንስብ ነው። እዚያ ላይ ያዝ እናድርግ። በአንዳንዱ ግንባታ በር የሚገጠመው ከልስን በፊት ነው፣ በሌላው በኋላ። በኋላ ከሆነና ልኬቱ የተወሰደው በባዶ ብሎኬት ላይ ከሆነ፣ ልስኑ ሲመጣ ክፍቱ ከግራም ከቀኝም ይጠባል፤ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በጭነት መኪና የሄደው በር ደጃፍ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከ«ለካ» ቀጥሎ መገንጠያ እናስገባለን፤ «ግድግዳው ተለስኗል?» የሚል። «አዎ» የሚለው ቀስት ወደ ብረት ግዢ ይሄዳል። «አልተለሰነም» የሚለውስ? መድረሻ የሌለው ቀስት መሳል አይቻልም። ወይ ሰዓት ወዳለበት ክብ ሄዶ ልስኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ከዚያም ተመልሶ ይለካል፤ ወይ «የልስኑን ውፍረት ከልኬቱ ቀንስ» ወደሚል አዲስ ሳጥን ይሄዳል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። ነገር ግን ባለቤቱ ዛሬ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንዱን መምረጥ አለበት፤ በገጠማው ቀን፣ ደንበኛው ፊት ቆሞ ሳይሆን። እኔ የዚህን መሣሪያ ጥቅም የምለካው በዚህች ቅጽበት ነው።

ሁለተኛው መገንጠያ ዋጋ ላይ ይመጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀብድ በተቀበሉበትና ብረት በገዙበት ቀን መካከል ያለው ጊዜ ለሚበይድ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። «ዋጋው ተለውጧል?» ብለን ስንጽፍ፣ የ«አዎ» ቀስት ወደ ደንበኛው ይመለሳል ወይስ ቤቱ ይችለዋል? ሁልጊዜ ቤቱ የሚችለው ከሆነ ሌላ መፍትሔ መፈለግ ግድ ነው፤ ምናልባት ብረቱ ቀብድ በተቀበሉበት ቀን ይገዛ፣ ግዢውም ከዳግም ልኬቱ ጋር በመደመር መገንጠያ ጎን ለጎን ይሂድ። እንዲህ ያለው ማስተካከያ ሰሌዳው ላይ ሳጥን ከማንቀሳቀስ በላይ አያስወጣም።

ቀጥሎ ማን ምን እንደሚሠራ መለየት ነው። ሰሌዳው በአግድም በረድፍ ይከፈላል፤ አንዱ ረድፍ የባለቤቱ፣ አንዱ የገንዘብ ያዧ፣ አንዱ የበያጁ። ሳጥኑ የተቀመጠበት ረድፍ ሥራው የማን እንደሆነ ይናገራል። ዓይን ያለው ሰው እዚህ ላይ ሳጥኖቹን ትቶ ከረድፍ ወደ ረድፍ የሚሻገሩትን ቀስቶች ይመለከታል። ሥራ ሲሠራ እምብዛም አይዘገይም፤ የሚዘገየው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። በያጁ ጨርሶ ቀለም ቀቢው ሳይነገረው የቆመ በር፣ ተፈርሞ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ወረቀት፣ ሁሉም የሚኖሩት ከእነዚያ መሻገሪያዎች በአንዱ ላይ ነው።

ደንበኛው ግን በቤቱ ረድፎች ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው የራሱ ክልል ይሰጠዋል። ከቤቱ ክልል ወደ ደንበኛው ክልል ቀስት ስንጎትት ፕሮግራሙ ራሱ ድፍኑን መስመር ወደ ቁርጥራጭ ይለውጠዋል። ድፍኑ ቀስት የሥራ ቅደም ተከተል ነው፣ ቁርጥራጩ መልእክት፤ ደንበኛውን ማዘዝ አይቻልም፣ መልእክት መላክ ብቻ ነው የሚቻለው። ይህን ሳይ የሰፈሩ ስም ትዝ ይለኛል። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር ከሚላክ መልእክት ነው፤ የሬዲዮውን ጣቢያ ያዩ የቀደሙት ሰዎች በነፋስ የሚሄድ ስልክ አሉት። ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዛቸው የሚታይ ነገር ሳይኖር የሚደርስ ቃል፣ ያ ነው የቁርጥራጩ መስመር ትርጉም።

በመንግሥት ቢሮ የሠራ አንባቢ እስካሁን «ይሄ ቢፒአር አይደለም እንዴ?» ሳይል አልቀረም። ቢፒአር፣ ማለትም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ዘመዱ ነው። ማይክል ሃመርና ጄምስ ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ የገነነው ሐሳብ ወደ እኛ አገር የገባው በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው በኩል ነው። «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለው የሹመት ስም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ነባሩን አሠራር መሳል፣ ከዚያ አዲሱን መሳል፤ ዘዴው ትክክል ነበር። ቅር የሚለኝ ነባሩ አሠራር በሐቅ ያልተሳለበት ቦታ መኖሩ ነው። ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ሲሄድ ያ ራሱን የቻለ እርምጃ ነው፤ ሰዓት ያለበት ክብና ወደ ኋላ የሚመለስ ቀስት ይገባዋል። ለባለጉዳይ በግድግዳ ከተለጠፈ የአገልግሎት ቅደም ተከተል ላይ ይህን ቀስት አይቼ አላውቅም። ያልተሳለ ነገር ደግሞ አይቀነስም። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያመጣ የባለጉዳዩን የእግር መንገድ ያሳጥራል፤ ከረድፍ ወደ ረድፍ የሚሻገሩትን ቀስቶች ግን ጣሪያ ብቻውን አያጠፋቸውም፣ አንድ በአንድ ተፈልገው መውጣት አለባቸው።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ሳጥኑን በትእዛዝ ይሰይም፤ «ልኬት» ከማለት «ለካ»፣ «ክፍያ» ከማለት «ቀብድ ተቀበል»። ስም ብቻውን ሲሆን ማን ምን እንደሚያደርግ ይደበቃል። ደግሞም ብቻውን አይሳል። የብረት ቤቱ ባለቤት የሳለውን ወረቀት ላይ አትሞ ብየዳው አጠገብ ሲለጥፈው፣ በያጁ ጓንቱን አውልቆ በጠመኔ ከ«በይድ» በፊት አንድ ሳጥን ይጨምርበታል፦ «መብራት መኖሩን እይ»። ካልሆነስ? ባለቤቱ ማታ ፋይሉን ይከፍትና መገንጠያ ያስገባል።