ታጥቦ ስለማይለቅ የሩጫ ልብስ ጠረን

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፥ በዙሪያቸውም ባለው የገጠር አገር፥ ልጆቻቸው ማለዳ ተነሥተው በአውራው ጎዳና ዳር የሚሮጡ ቤተ ሰቦች ዛሬ ጥቂቶች አይደሉም። በእነዚህም ቤቶች ዘወትር የሚሰማ አንድ አቤቱታ አለ። የሩጫው ካናቴራ በሳሙና ታሽቶ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ ታጥፎ በሣጥን ሲቀመጥ ምንም ሽታ የለውም፤ ዳሩ ግን ልጁ ለብሶት ጥቂት ሮጦ ገላው ሲሞቅና ላብ ሲወጣው፥ ያለፈው ሳምንት ጠረን ከጨርቁ ውስጥ እንደ ገና ይነሣል። በዚህ ጊዜ እናት ልጁን «ገላህን አትታጠብም» ብላ ትቈጣዋለች፤ ወይም ጥፋቱ ልብስ በምታጥበው ሠራተኛ ላይ ይወድቃል። የምትሮጠው ሴት ልጅ እንደ ሆነች ደግሞ፥ ጓደኞቿ አፍንጫቸውን ሲይዙ እያየች ኀፍረቱ ሩጫውን እስከ ማስተው ይደርሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የገላውም የአጣቢዋም አይደለም፤ የጨርቁ ነው።

የአጣቢዋን ነገር ካነሣን ዘንድ፥ በምዕራብ ጎጃም ከሚገኙት ከተሞች በአንዱ በሽማግሌዎች ፊት የታየውን ጉዳይ መናገር ይገባል። አንዲት ሴት በወር ደመወዝ ልብስ ልታጥብ ተቀጥራ ሳለች፥ አሠሪዋ «የልጄን የሩጫ ልብስ አላጠራችልኝም» በማለት የሁለት ወር ደመወዟን ያዘባት። እርሷም «እጄ እስኪላጥ አሽቻለሁ» ስትል ተከራከረች። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው አስተዋይ ሰው ነበሩና፥ የልጁን ካናቴራና የአሠሪውን የጥጥ እጀ ጠባብ በአንድ ሳፋ፥ በአንድ ሳሙና፥ በፊታችን ትጠባቸው ብለው አዘዙ። ሁለቱም ከደረቁ በኋላ በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ተይዘው ቢሸተቱ፥ እጀ ጠባቡ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ካናቴራው ግን የሽማግሌዎቹን ፊት አዞረ። ደመወዟም በዚያው ቀን ተከፈላት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ላብ ራሱ ከገላ ሲወጣ ከሞላ ጎደል ሽታ የለውም፤ አብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ነገር ግን በብብትና ይህን በመሰለው ስፍራ የሚወጣው ላብ፥ ከቆዳም የሚወጣው ወዝ፥ ስብነት ያለው ነገር ይዟል። በቆዳችን ላይ የሚኖሩት፥ ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቅ ተሐዋስያን ይህን ተመግበው ሲያፈራርሱት ክርፋት ያለው ነገር ይወለዳል። ሰው ሲሮጥ ወዙም ተሐዋስያኑም ወደ ልብሱ ይሻገራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር በክሩ ዓይነት ይወሰናል። ጥጥ ውሃን ይወዳል፤ ደረቅ የሚመስለው የጥጥ ጨርቅ እንኳ ከመቶ እጅ 8 እጅ ያህል እርጥበት ከአየር ይይዛል። ፖሊስተር የሚባለውና ዛሬ አብዛኛው የሩጫ ልብስ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ክር ግን ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። ውሃን የሚገፋ ክር ቅባትን አጥብቆ ይይዛልና፥ ወዙ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ጊዜ የሚታሽ ሳሙናም ወደ እርሱ በሚገባ አይደርስም። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ የተጣበቀው ሁሉ እንደ ገና ይሸታል።

ይህ ክር ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ሲሆን፥ ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የኬሚስትሪ ዐዋቂዎች ያስመዘገቡት በሐምሌ 1933 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል ከስደት የተመለሱት በዚያው ዓመት እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። እንግዲህ አያቶቻችን ስለ ልብስ እጥበት ያወረሱን ብልሃት ሁሉ ይህ ክር ባልነበረበት ዘመን ለጥጥና ለሱፍ የተበጀ ስለ ሆነ፥ በፖሊስተር ላይ ቢሰንፍ አያስደንቅም።

ሊቃውንትም ነገሩን መርምረውታል። በቤልጅየም አገር በጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ 26 ጤነኛ ሰዎችን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አጥብቀው እንዲሠሩ አድርገው፥ ያላባቸውን ካናቴራዎች ለ28 ሰዓት ካቈዩ በኋላ ሽታ መለየት ለተማሩ ሰዎች አቀረቡላቸው። የፖሊስተሩ ከጥጡ ይልቅ የከረፋ ሆኖ ተገኘ፤ ማይክሮኮከስ የተባለውም የባክቴሪያ ወገን በሰው ሠራሹ ጨርቅ ላይ ይበልጥ በርክቶ ታየ። የጃፓን ተመራማሪዎች ደግሞ በ2012 ዓ.ም. እንዲሁ በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ታጥቦ ሳይደርቅ የቈየ ልብስ የሚያወጣውን የሻገተ ጠረን ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ እንደሚያመጣው አሳዩ። ይህ ባክቴሪያ ድርቀትንም የፀሐይንም ጨረር በብርቱ የሚቋቋም ነው። ስለዚህ «ፀሐይ ይጨርሰዋል» ብሎ በፀሐይ ብቻ መታመን አይበቃም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሱፍ ነገር ነው። ሬቸል ማክዊን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሱፍን፥ ጥጥንና ፖሊስተርን በሰው ብብት ላይ አድርጋ ስታነጻጽር፥ ከሦስቱ ጠረኑ ያነሰው ሱፍ፥ የበዛውም ፖሊስተር ነበረ። የአገራችን ባላገር ባናውንና በርኖሱን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያጥብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ስለ እንዶድም ጥቂት ማለት ይገባል። ደርቆ የተወቀጠው ፍሬው በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚያረፋው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለበት ነው፤ ይህም እንደ ሳሙና ቅባትን ከጨርቅ ያላቅቃል። ለሸማ የታመነ ነው። ዳሩ ግን ዱቄቱ ዓይንንና አፍንጫን ያቃጥላል፤ ውሃውም ለቀንድ አውጣና ለዓሣ መርዝ ነው። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ፥ ቢልሃርዝያን ለመከላከል የሚረዳውን ምርምር የጀመረው ከዚህ ነው። ስለዚህ እንደ ላህና እንደ ፈጣም ባሉት ወንዞች አጠገብ በእንዶድ የሚያጥብ ሰው እድፉን ወደ ወንዙ ባይመልስ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ዋናው ነገር ከእጥበቱ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ካናቴራው ከሩጫ በኋላ በፌስታል ታስሮ ወይም በማዕዘን ተጥሎ እስከ ቅዳሜ ከቈየ፥ ተሐዋስያኑ ቤት ሠርተው ይቀመጡበታል። ስለዚህ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ብቻ ተለቅልቆ፥ ተጨምቆ፥ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይሰቀል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ልጁም ራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ ሊያደርገውም ይገባል።

የማጠቢያው ቀን ሲደርስ ወዙ ያለው በውስጥ በኩል ነውና ልብሱ ይገልበጥ። ጠረኑ የቈየበት እንደ ሆነ፥ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ተበርዞ፥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፍበት፤ በክሩ ላይ የቀረውን የሳሙና ዝቃጭ ያላቅቃል። ከዚያም ተለቅልቆ፥ በዱቄት ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ። ዱቄቱ አስቀድሞ በውሃው ይሟሟ፤ ብዛቱም ጥቂት ይሁን፤ ታጥቦ ያልወጣ ሳሙና ራሱ ለተሐዋስያን መሸሸጊያ ይሆናልና። ደረቅ ሳሙና ጠንካራ ውሃ ላይ ነጭ ዝቃጭ ስለሚተው ለዚህ ሥራ እምብዛም አይመረጥም። ብብቱ፥ አንገቱና ወገቡ ተለይተው ይታሹ፤ ውሃውም እስኪጠራ ደጋግሞ ይለቅለቅ። አቼቶ የሌለው ቤት የዳቦ ሶዳ በውሃ አሟሙቶ ሊዘፈዝፍበት ይችላል፤ የሚከረፋው ነገር አብዛኛው አሲድነት ስላለው ሶዳው ያበርደዋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቀላቀል ግን ከንቱ ነው፤ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል።

የውሃው ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ቢሆን ለአብዛኛው የሩጫ ልብስ ይስማማል። የሚለጠጥ ክር ያለበትን ቁምጣ ማፍላት ልብሱን መግደል ነው። የጥጥ ካልሲና ነጭ የጥጥ ካናቴራ ግን መፍላት ይችላሉ፤ በቡሬ ከፍታ፥ ይኸውም ወደ 2100 ሜትር ግድም፥ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም፥ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ሽቶ መርጨት፥ በእጣን ማጠን፥ በሣጥን ውስጥ አሪቲ ማኖር ለሸማ ክብር ይሆናል፤ ለዚህ ክር ግን ጠረኑን ለአንድ ሰዓት ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። የልብስ ማለስለሻ የሚባለው ፈሳሽም በክሩ ላይ ስስ ቅባት ስለሚተው ነገሩን ያባብሳል። በረኪና የሚለጠጠውን ክር ያበላሻል። ይልቁንም በረኪናን ከአቼቶ ጋር በአንድ ሳፋ የሚቀላቅል ሰው ሳንባን የሚያቃጥል የክሎር ጋዝ ይለቅበታልና፥ ይህን ለቤት ሠራተኞች ሁሉ በግልጽ መንገር የባለቤቶች ግዴታ ነው።

ክረምት የሚያስቸግረው ለማድረቅ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲበረታ፥ ልብሱ በማእድ ቤት ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱን ይጠጣል፤ እርጥበቱም አይለቀውም። ከዚህስ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ ተጭኖ ከጨመቁት በኋላ፥ ነፋስ በሚያልፍበት የቤት ክዳን ሥር ዘርግቶ መስቀል ይሻላል። ፖሊስተር ውሃ ስለማይይዝ በዚህ በኩል ከጥጥ የተሻለ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሊደርቅ ይችላል። የሚሮጥ ልጅ ሁለት ካናቴራ ኖሮት ቢያፈራርቅ ደግሞ እርጥቡን ለመልበስ አይገደድም።

ይህ ሁሉ ሦስት አራት ጊዜ ተደርጎ ጠረኑ ካልለቀቀ፥ ያ ካናቴራ ለሩጫ መሆኑ ቀርቶ መወልወያ ይሁን። በገበያ ሰልባጅ የሚገዛም ሰው ከመክፈሉ በፊት፥ የብብቱን ጨርቅ በመዳፉ ይዞ በትንፋሹ አሙቆ ያሽትተው፤ የሌላ ሰው የአምስት ዓመት ሩጫ በዚያ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል።